ግጥም እየጻፉ፣ የሰው ግጥም እያረሙ፣ ግጥም እያስተማሩ መኖር

ግጥም እጽፋለሁ፤ የሌሎችን ግጥም ለኅትመት አዘጋጃለሁ፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ሦስቱን ሥራዎች አንድ ሰው እንዴት ጎን ለጎን ሊያስኬዳቸው እንደሚችል የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም ባመዛኙ ስለ ጊዜ ነው። ጊዜ በእርግጥ ያጥራል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ዓመታት ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የጠየቀኝ ጉዳይ የጆሮ ጉዳይ ነው። ግጥም የሚጽፍ ሰው የሌላ ሰው ግጥም ሲቀርብለት ጆሮው ሳያውቀው ወደ ራሱ ዜማ ያደላል፤ ባለግጥሙ ያለውን ከመስማቱ በፊት እሱ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ይሰማል። እርሳስም በእጁ ካለ ያንኑ የሰማውን ይጽፈዋል። እንዲህ የታረመ ግጥም የተሻለ ሊመስል ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ከውስጡ ወጥቷል። በማስተማርም ሆነ በአርትዖት ሥራዬ የያዝኳቸው ልማዶች ሁሉ ይህ እንዳይሆን ለመጠበቅ የያዝኳቸው ናቸው፤ እዚህ የምጽፈውም ስለ እነሱ ነው።

እነዚህን ሙያዎች ማጣመር በእኛ ሥነ ጽሑፍ አዲስ ነገር አይደለም። መንግሥቱ ለማ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ የአማርኛን ግጥም ምጣኔም (የስንኙን የድምፅ ልክ) አጥንተዋል። ከሥራዎቻቸው ሁሉ እኔን በአርታኢነት ይበልጥ ያስተማረኝ ግን አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ በቃል የተረኩትን ትዝታ በ1959 ዓ.ም. በመጽሐፍ ያቀረቡበት መንገድ ነው። በቋንቋ ችሎታቸው ያን ትረካ ወደ ራሳቸው የአጻጻፍ ስልት መለወጥ አያቅታቸውም ነበር። እሳቸው ግን የሽማግሌው አወራር፣ የነገር አመላለሳቸውና የአነጋገር ለዛቸው ሳይደበዝዝ ወደ ገጹ እንዲሻገር አደረጉ። ደበበ ሰይፉም ለብዙ ዓመታት በዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ግጥም የጻፉ ሰው ናቸው። ዮናስ አድማሱ ደግሞ፣ ራሳቸው የሥነ ጽሑፍ መምህር ሆነው ሳለ፣ በሞት የተለዩዋቸውን የወንድማቸውን የዮሐንስ አድማሱን ግጥሞች ለአንባቢ አብቅተዋል። በሕይወት የሌለ ሰው «ይህን ለምን እንዲህ አልከው?» ተብሎ አይጠየቅም፤ በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የአርታኢ ትሕትና ምን ያህል መሆን እንዳለበት ለመገመት አያስቸግርም። እኔ የምሠራው በአመዛኙ በሕይወት ካሉ ሰዎች ጋር ስለሆነ መጠየቅ እችላለሁ። ይህን ዕድል በከንቱ ላለማለፍ እጥራለሁ።

ሥራዬ የጀመረው ከማስተማር ነው። በትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ነበር፤ ተማሪዎች የጻፉትን በሚኒ ሚዲያ ያነቡ ነበር። ከክፍል ስወጣ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት እየዘረጉ «ቲቸር፣ እስቲ ይህን እዪልኝ፤ ጥሩ ነው?» ይሉኛል። ለዚህ ጥያቄ «ጥሩ ነው» ወይም «ገና ነው» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ሁለቱም መልሶች ግን ለልጁ ምንም አያስጨብጡትም። «ጥሩ ነው» የተባለው የትኛው ስንኝ እንደሠራለት አያውቅም፤ «ገና ነው» የተባለውም ምን እንደጎደለው አያውቅም። ስለዚህ ወረቀቱን መቀበል ተውኩ። ወረቀቱን በእጁ እንደያዘ ያነብልኛል፤ እኔ አደምጣለሁ።

ይህን መንገድ ከራሴ አላመነጨሁትም፤ ከቅኔ ቤት የተማርኩት ነው። በቅኔ ጉባኤ ተማሪው ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ወይም መምህሩን ለሚረዳው አስነጋሪ በቃሉ ይነግራል፤ እርማቱንም በቃል ይቀበላል። ጀማሪው በሁለት ቤት (በሁለት ስንኝ) ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ይነሣና ደረጃ በደረጃ እየወጣ ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለግጥም መምህር የሚጠቅም ትልቅ ጥበብ አለ ብዬ አምናለሁ። አንደኛ ነገር፣ ተማሪው ትንሹን ሙሉ አድርጎ መጨረስ ሳይችል ወደ ትልቁ አይገባም። ሁለተኛ ነገር፣ መምህሩ የሚያርመው በጆሮው የሰማውን ስለሆነ የተማሪው ትንፋሽ ከየት እንደሚነሣና የት ላይ እንደሚሰናከል ያውቃል። ወረቀት ይህን አይናገርም። እኔም ለጀማሪዎች ረጅም ግጥም አላዝዝም፤ ሁለት ስንኝ ጽፈው፣ በቃላቸው ይዘው፣ ክፍሉ ፊት እንዲሉት አደርጋለሁ። በሁለት ስንኝ ውስጥ መደበቂያ የለም፤ አንድ ደካማ ቃል ካለ ሁሉም ይሰማዋል።

ከዚያ ወደ ምጣኔ እንገባለን። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ሆሄያትን ይቆጥራል፤ ሊቆጠር የሚገባው ግን ሲነበብ የሚሰማው ቀለም፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው የድምፅ ክፍል ነው። ለምሳሌ «ስለ ሰው ተናግሮ» የሚለው ሐረግ በጽሑፍ ስምንት ሆሄያት አሉት፤ ሲነበብ ግን ስድስት ቀለም ብቻ ነው፤ «ሰው» በአንድ ትንፋሽ ይወጣል፤ በ«ተናግሮ» ውስጥ ያለው «ግ»ም ከፊቱ ካለው «ና» ጋር ተጣብቆ ይነገራል። እንደዚህ «ግ» ያለ ሳድስ ሆሄ አንዳንዴ ድምፅ አውጥቶ፣ አንዳንዴ ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ የሚሄድ በመሆኑ ጣት ላይ የሚቆጥር ልጅ ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ እያጨበጨበ የሚያነብ ልጅ ግን እምብዛም አይሳሳትም። በየሐረጉ፣ ማለትም በየስንኙ እኩሌታ፣ ስድስት ቀለም ያለውን የወል ቤት፣ አምስት አምስት ያለውን ሰንጎ መገን፣ አራት አራት ያለውን ቡሄ በሉ፣ በመጨረሻም ስምንት ስምንት ቀለም ያለውንና በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የጸጋዬ ቤት ተብሎ የሚጠራውን ረጅም ስንኝ በጭብጨባ አልፈን እንሄዳለን። ስማቸውን ማስጠናት ለፈተና ይጠቅም ይሆናል፤ ተማሪው ልዩነታቸውን በሰውነቱ ካላወቀው ግን ለጽሑፉ አይረዳውም።

ቤት መምታት ላይ ሲደረስ የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ፈተና ሆኖ ይቆማል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግስ ስለሚታሠር ስንኙን በግስ የጨረሰ ሰው ቤት የመታ ይመስለዋል፤ የግሶቹ መድረሻ በሰዋስው ምክንያት አንድ ዓይነት ነውና። አንዲት ተማሪዬ አንድ ቀን እንዲህ የሚል ይዛ መጣች፦

ልቤ በናፍቆትሽ ሁልጊዜ ይነዳል፣
ዓይኔም መንገድ ሲያይ ሌሊቱ ይነጋል።

ምጣኔው አልተዛነፈም፤ ስድስት በስድስት ነው። ቤቱን የመታው ግን «አል» የሚለው የግስ መድረሻ ነው፤ ይህ ደግሞ ማንኛውም ሰው ሳይደክም የሚያገኘው ነው። እኔ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሌላ መውጫ ታይቶኝ ነበር፤ አልነገርኳትም። የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከእነዚህ ሁለት ስንኞች ውስጥ አንባቢው ጆሮ ላይ እንዲቀር የምትፈልጊው የትኛው ቃል ነው?» ጥቂት አሰበችና «መንገድ» አለችኝ። «እንግዲያው መንገዱ ያለው መሐል ላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ የቆመው ‹ይነጋል› ነው» አልኳት። በሚቀጥለው ሳምንት እንዲህ አድርጋ አመጣችው፦

ሌሊቱን አነጋ ዓይኔ ከመንገዱ፤
ልቤን ማን ይመልስ ከናፍቆት ነዲዱ።

እኔ አስቤው የነበረው ከዚህ በጣም የተለየ ነበር፤ የእሷ ይበልጣል። «ነዲድ» (የሚነድ እሳት) የሚለው ቃል ከእኔ የቃላት ጓዳ አይወጣም ነበር፤ እሷ ከሴት አያቷ የሰማችው ነው። መውጫውን ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ይህ ቃል ወደ ግጥሙ መግቢያ አያገኝም ነበር። ከዚህ የተነሣ ተማሪ ፊት ስሆን ያየሁትን መፍትሔ ለራሴ ይዤ፣ መፍትሔው የተነሣበትን ጥያቄ ብቻ እሰጣለሁ። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በተለይ አርባ ደቂቃ ባላት ክፍለ ጊዜ ውስጥ።

ወደ አርትዖት የገባሁት ተማሪዎቼ ካደጉ በኋላ ነው። ግጥሞቻቸውን ሰብስበው መድበል ለማሳተም የተነሡት «እርስዎ ይዩልን» እያሉ ረቂቃቸውን ያመጡልኝ ጀመር፤ እነሱ ለሌሎች ነገሩ፤ ሥራው ሰፋ። በእኛ አገር ብዙ ገጣሚዎች መጽሐፋቸውን በራሳቸው ወጪ የሚያሳትሙ በመሆናቸው በጸሐፊውና በማተሚያ ቤቱ መካከል አንድም አንባቢ ሳይገባ የሚታተም ግጥም ጥቂት አይደለም። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ጠንቃቃ አንባቢ ገዢው እንዲሆን መተው በገጣሚውም በአንባቢውም ላይ ግፍ ነው ብዬ ስለማምን፣ ደክሞኝ እንኳ ረቂቅ ሲመጣልኝ እምቢ ማለት ይከብደኛል።

ረቂቅ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር ድምፅ አውጥቼ አነባለሁ፤ በዚህ ጊዜ እርሳስ በእጄ አልይዝም። እርሳስ የያዘ አንባቢ ስሕተት ይፈልጋል፤ የሚፈልገውንም ያገኛል፤ የመጽሐፉ ጠባይ ግን ያመልጠዋል። በዚህ ንባብ ለማወቅ የምፈልገው ይህ ሰው በራሱ ሕግ ሲጽፍ ምን እንደሚመስል ነው፦ ስንኙን ማስረዘም ይወዳል ወይስ ማሳጠር? ከንግግር ይነሣል ወይስ ከምስል? ቀልድ ያውቃል? ሰምና ወርቅ ሲሠራ ወርቁን ቶሎ ይገልጣል ወይስ ይቀብራል? ይህን ካላወቅሁ፣ በኋላ የማገኘው ጉድለት የእሱ ጉድለት ይሁን የእኔ አለመልመድ መለየት አልችልም። በሁለተኛው ንባብ በኅዳጉ ላይ ጥያቄ ብቻ እጽፋለሁ፤ ቃል አልተካም። «እዚህ ላይ ተናጋሪው ማን ነው?»፣ «ይህ ስንኝ ከላይኛው በምን ይለያል?»፣ «ይህን ጮክ ብለህ አንብበኸዋል?» የመሳሰሉ ናቸው። የፊደል ግድፈትን ብቻ በቀጥታ አርማለሁ፤ እሱንም ቢሆን ለባለቤቱ አሳይቼ።

የፊደል ነገር ራሱ ከሚታሰበው በላይ ጠለቅ ያለ ነው። ሞክሼ ሆሄያት፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ ሆኖ ቅርጻቸው የሚለያይ ፊደላት፣ በግጥም ውስጥ የትርጉም ሥራ ይሠራሉ። «ድኅነት» መዳን ነው፤ «ድህነት» ማጣት ነው፤ ጆሮ አይለያቸውም፤ ዓይን ይለያቸዋል። ስለ ረኃብና ስለ ጸሎት በሚናገር አንድ ግጥም ውስጥ ሁለቱም ቃላት ገብተው ነበር፤ ጽሑፉን በኮምፒውተር የጻፈው ሰው ሁሉንም በ«ህ» አመሳስሎት ደረሰኝ። ገጣሚው ሁለቱን ለይቶ በእጁ እንደጻፋቸው ከመጀመሪያው ረቂቅ አየሁ። በአንዱ ፊደል መመለስ ብቻ ግጥሙ ሁለት ፊት ያለው ሆኖ ተነሣ። ሆሄያትን በአንድ ወጥ ሕግ ማስተካከል ለስድ ንባብ ሊመች ይችላል፤ በግጥም ላይ ግን በየቃሉ ሳይጠይቁ ማስተካከል አደገኛ ነው።

ጥብቀትና ላልነትም እንዲሁ ናቸው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው በምልክት አይለይም፤ ስለዚህ «ሰው ይበላል» የሚለው አንድ ሐረግ፣ «በ» ሲላላ ምግብ የሚመገብን ሰው፣ ሲጠብቅ ራሱ ምግብ የሚሆንን ሰው ያመለክታል። ገጣሚው አንባቢው በሁለቱ መካከል እንዲወላውል ፈልጎ ከሆነ ይህ ሀብት ነው፤ ሳያስብበት የገባ ከሆነ ደግሞ አንባቢውን ያለ ጥቅም ያደናቅፋል። ከኅዳጉ ላይ «ሁለቱንም ፈልገሃል?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ፊቱ በደስታ የሚበራ ገጣሚ አጋጥሞኛል፤ «እኔ አንዱን ብቻ ነበር ያየሁት፤ ሁለቱም ይኑሩ» ብሎ እንዳለ ተወው።

በአርታኢነት ዘመኔ ከሁሉ ይበልጥ የተማርኩት ግን ከአንድ አረጋዊ ገጣሚ ነው። ረቂቃቸው ከዳር እስከ ዳር በወል ቤት የተጻፈ፣ አንድም ቀለም የማይዛነፍ ነበር። ስለ ታናሽ እህታቸው ሞት በጻፉት ግጥም ላይ ብቻ የመጨረሻው ስንኝ ሁለተኛ ሐረግ አንድ ቀለም ይጎድለዋል። እንደ ልማዴ በኅዳጉ ላይ ጥያቄ ጻፍኩና ስንገናኝ «ጋሼ፣ እዚህች ላይ አንድ ቀለም ጎድላለች፤ አውቀው ነው?» አልኳቸው። «እስቲ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው፣ ልጄ» አሉኝ። ከመጀመሪያው አነበብኩ። እመጨረሻው ስደርስ ጆሮዬ የለመደው ስድስተኛው ቀለም አልመጣም፤ ትንፋሼ ባዶ ላይ አረፈ። «ያች የጎደለችው እሷ ናት» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ያን ስንኝ በአንድ ትንሽ ቃል መሙላት የማንም አርታኢ እጅ የሚደፍረው ነገር ነበር፤ ለምሳሌ «ግን» ብሎ። እንዲህ ያለ እርማት በወረቀት ላይ እንከን የለሽ ሆኖ ይታያል። በዚህ ምክንያት ከሕግ የወጣ ስንኝ ባየሁ ቁጥር፣ ጸሐፊው ሕጉን በሌላው ቦታ ሁሉ እንደሚያከብረው አስቀድሜ አረጋግጣለሁ፤ የሚያከብረው ከሆነ መውጣቱ ምናልባት ንግግር ነው።

ይህ ማለት አርታኢ ሁሉን ይቀበላል ማለት አይደለም። አንድ መድበል ውስጥ መግባት የማይገባቸው ግጥሞች አሉ፤ ይህንንም በግልጽ እናገራለሁ። ገጣሚ የጻፈውን ሁሉ ማሳተም ይፈልጋል፤ በተለይ የመጀመሪያ መጽሐፉ ሲሆን። ተመሳሳይ ስሜትን የሚናገሩ ብዙ ግጥሞች ተከታትለው ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን ኃይል ያዳክማል። ግጥሞቹን በወለል ላይ አንድ በአንድ ዘርግተን፣ ገጣሚው ራሱ «ይህኛው ቢወጣ የሚጎድል ነገር አለ?» እያለ እንዲያነሣ አደርጋለሁ። እኔ ሳነሣው ይከፋዋል፤ እሱ ሲያነሣው ይቀለዋል።

የገጽ አቀማመጥም ከአርታኢ እጅ መውጣት የለበትም። አሥራ ስድስት ቀለም ያለው የጸጋዬ ቤት ስንኝ በትንሽ መጽሐፍ ገጽ ላይ በአንድ መስመር አይበቃም፤ ገጹን የሚያዘጋጀው ሰው ካልተነገረው የተረፈውን ቃል ወደ ታች ይጥለዋል፤ አንባቢውም የተለየ አጭር ስንኝ መስሎት ሰብሮ ያነበዋል። ፊደሉን ማሳነስ፣ ወይም ስንኙን በሐረጉ መካከል ከፍሎ ሁለተኛውን ሐረግ በጉልህ ገባ አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከሁሉ በፊት ግን ገጣሚው የትኛውን እንደሚመርጥ መጠየቅ አለበት። የመጨረሻውን የእርማት ቅጂ ከዋናው ረቂቅ ጋር ሌላ ሰው እያነበበልኝ በድምፅ አመሳክራለሁ፤ ዓይን የለመደውን ስሕተት ጆሮ ይይዘዋል።

የራሴን ግጥም መቼ እጽፋለሁ? የሰው ረቂቅ በእጄ ባለበት ሰሞን አልጽፍም። የሌላ ሰው ዜማ ጆሮዬ ውስጥ እያለ የምጽፈው ሁሉ የእሱን ይመስላል፤ የእኔ ዜማ ጆሮዬ ውስጥ እያለ የማርመውም እኔን ይመስላል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በክረምቱ ወራት፣ ረቂቅ አልቀበልም፤ ያ ጊዜ የግጥሜ ነው። ዓመቱን ሙሉ የማደርገው የሰማሁትን በማስታወሻ መያዝ ብቻ ነው። ይህ አካሄድ ብዙ እንዳልጽፍ አድርጎኛል፤ አያስቆጨኝም። ጥቂት የምላቸው ግጥሞቼ የእኔ መሆናቸውን አውቃለሁ።

በዚህ ላይ ማስተማር ለጽሑፌ የሰጠኝን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ክፍል ውስጥ ያለ ተማሪ ያልገባውን ግጥም ያከበረ መስሎ አይቀመጥም፤ «ቲቸር፣ ይኼ ምን ማለት ነው?» ይላል። ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲመልስ የኖረ ሰው ራሱ ሲጽፍ በጥልቀትና በድንግዝግዝታ መካከል ያለውን ልዩነት ይጠነቀቃል። ወርቁ የተቀበረ ግጥም ሰሙ ብቻውን ሊቆም ይገባል፤ ሰሙ የማይጨበጥ ከሆነ አንባቢው መቆፈር የሚጀምርበት መሬት የለውም።

የራሴ መድበል ለኅትመት ሲዘጋጅ ያረመችልኝ ያቺው የ«ነዲድ» ተማሪዬ ናት፤ አሁን እሷም መምህርት ናት፣ የሰው ረቂቅም ታያለች። ረቂቄ በእርሳስ ጥያቄዎች ተሞልቶ ተመለሰልኝ። ለአባቴ መታሰቢያ በጻፍኩት፣ ሰዎችም በመድረክ ሲሰሙ በሚወዱት ግጥም አጠገብ «እዚህ ላይ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት ወይስ መድረኩ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ግጥሙን ለብቻዬ፣ ቀስ ብዬ፣ ለማንም እንደማላነብ ሆኜ አነበብኩት። ከአራቱ አንጓዎች ሁለቱ ለጭብጨባ የቆሙ ነበሩ። እነሱን አውጥቼ ሁለቱን ላክሁላት፤ በመልሷ ላይ ስለ አንድ ቃል ብቻ ጠየቀችኝ፤ እሱንም ተነጋግረንበት እንዳለ ተውነው። መጽሐፉ በዚያው መልኩ ወደ ማተሚያ ቤት ገባ።